ሳልድን የገባው ስለት

ቁጭ አልልም። ከተቀመጥኩ እተኛለሁ፤ ስለዚህ አልቀመጥም። ሕጉን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፣ የማስከብረውም ራሴ ነኝ፣ አንዳንዴ የምጥሰውም ራሴው ነኝ። ክፍል ውስጥ ቆሜ አስተምራለሁ፤ እሱ እንኳ የሒሳብ መምህር ወግ ነው። ፈተና የማርመው ግን ወረቀቶቹን መስኮቱ ደፍ ላይ ደርድሬ፣ ቆሜ ነው። የመምህራን ስብሰባ ላይ ሁሉም ወንበር ሲሻማ እኔ ከኋላ እግሬን እያፈራረቅኩ እቆማለሁ። ግድግዳ እንኳ አልደገፍም፤ ግድግዳም ያስተኛል። ርእሰ መምህሩ «ይህ ሰው ሁልጊዜ ሊሄድ ነው» እያለ ይቀልድብኛል። አንድ ጊዜ ከትምህርት ቢሮ የመጣ ተቆጣጣሪ ክፍሌን ጎብኝቶ ሲያበቃ ለባልደረቦቼ ምሳሌ አደረገኝ። «ወንበሩ ላይ አቧራ አየሁበት፤ መምህር ማለት ይህ ነው» አላቸው። ተማሪዎቼ ደግሞ «ዘበኛው» ይሉኛል። ሁሉም የመሰለውን ምክንያት ሰጥቶኛል። እውነቱ ግን ደክሞኛል፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ድካም ስል ሥራ ተውሎ የሚመጣውን ማለቴ አይደለም። እሱማ ደስ ይላል፤ ይተኙበታል፣ ይለቃል። የእኔው ጠዋት ከእኔ ጋር አብሮኝ ይነሳል። ፊቴን ስታጠብ አለ፤ ጫማዬን ሳስር አለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የነሰነሱብኝ ያህል ይሆንና፣ ሰው ሲያወራኝ አፉን አያለሁ እንጂ የሚለውን ዘግይቼ ነው የምሰማው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ መሄድ ነው። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ቤቴ አልገባም። በሐረር ግንብ በሸዋ በር እገባና በመንደሩ ቀጫጭን መንገዶች ወርጄ ጊደር መጋላ እደርሳለሁ፤ በእህልና በበርበሬ ጆንያዎች መካከል አልፋለሁ፤ ምንም አልገዛም፤ ተመልሼ እወጣለሁ። ጉልበት ካለኝ ሐኪም ጋራን ወጥቼ እወርዳለሁ። የሚያየኝ ሁሉ ጉዳይ ያለኝ ይመስለዋል። አንድ ሰሞን እንዲያውም ሌላ ሴት ወድጃለሁ ተብሎ ተወራብኝ። ለሚስቴ ስነግራት በሳቅ ወደቀች፤ «አንተ? በየት በኩል ነቅተህ?» አለችኝ።

ነገሩ የጀመረው በማንኮራፋት ነው፤ ወይም እኛ ያወቅነው በእሱ ነው። ለብዙ ዓመት የቤት ቀልድ ሆኖ ኖረ። ልጆቼ እንግዳ በመጣ ቁጥር የአባታቸውን ማንኮራፋት እየደገሙ ሰው ያስቁ ነበር። ቀልድ መሆኑ ያበቃው ለቅሶ ቤት ነው። የጎረቤታችን እናት አርፈው፣ በሦስተኛው ቀን ከድንኳኑ ሥር በእድሩ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ በሁለት ሽማግሌዎች መሃል ተቀምጬ ነበር። ለቅሶ ቤት ደግሞ ቆሜ ልዋል አይባልም። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የራሴን ድምፅ ሰምቼ መባነኔን ነው። ድንኳኑ ጸጥ ብሏል። ለቀስተኛው መሳቅ አይችልም፣ አለመሳቅም አልቻለም። የሟች ልጅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ፊቷን ስትነጭ የነበረችው ሴት፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰች እንዳልሆነ ሁላችንም አውቀናል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። ማታ ሚስቴ ልብሴን እያጣጠፈች «አዲስ አበባ እንሄዳለን» አለችኝ። አልተከራከርኳትም።

አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ከግንባሬ እስከ እግሬ ገመድ በገመድ ሆኜ አንድ ሌሊት አደርኩ። በማግስቱ ሐኪሙ ነገሩን አስረዳኝ፤ ስተኛ ጉሮሮዬ እየተዘጋ ትንፋሼ ይቋረጣል፣ አንጎሌ ይደነግጥና ይቀሰቅሰኛል፣ መልሼ እተኛለሁ፣ መልሶ ይዘጋል፤ እንዲህ እያልኩ ነው የማነጋው። መፍትሔው በአፍንጫ ላይ በሚታሰር ጭንብል አየር የሚነፋ ማሽን ነው። ዱባይ የምትሠራው የሚስቴ እህት ለዓመት በዓል ስትመጣ ያን ማሽን ከልብሷ መሃል ደብቃ፣ ጉምሩክ ላይ ተከራክራ፣ አመጣችልኝ። ከአፍንጫዬ እስከ ራስጌዬ የሚዘልቀውን ቱቦ ያየች ትንሿ ልጄ «ኩምቢ» አለችው፤ ስሙ ኩምቢ ሆኖ ቀረ። «አባዬ ኩምቢውን አድርጓል፣ አትረብሹት!» እየተባለ መተኛት ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ጠዋት አልረሳውም። ቤተሰቡ በሙሉ አልጋዬ ዙሪያ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔም ራሴን ጠበቅኩት። የሆነ ነገር ይመጣል ብዬ አስቤ ነበር፤ ከልጅነቴ ወዲህ ያላየሁት ዓይነት ጠዋት። ተነሳሁ። ድካሙም አብሮኝ ተነሳ። ጫማዬን ሳስር ከጎኔ ነበር። አንድ ቀን ነው፣ ገና ነው አልኩ። ሳምንት ሆነ። ወር ሆነ። ጭንብሉ አፍንጫዬ ላይ ምልክት አወጣ፤ እኔ ግን ያው ነኝ።

የተለወጠችው ሚስቴ ናት። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ናት፤ ሠላሳ ሕፃናት ቀኑን ሙሉ ሲጮኹባት የምትውል ሴት። ማሽኑ ከገባ ወዲህ ፊቷ ሞላ። ጠዋት ጠዋት ዕቃ ስታጥብ ታዜማለች፤ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤት ትጠይቃለች፣ ለሠርግ ሄዳ ትጨፍራለች፣ ጠጉሯን ለየት አድርጋ ተሠራች። ማንኮራፋቴ ቆሞላት እንቅልፍ ያገኘች መስሎኝ ነበር፤ ደስም አለኝ፣ ቀናሁባትም። ሁለቱም አንድ ላይ። ማሽን የታሰረው እኔ አፍንጫ ላይ፣ የዳነችው እሷ!

እዚሁ ሐረር ክትትል የሚያደርግልኝ ወጣት ሐኪም አለ። በሦስተኛው ወር ማሽኑን በፌስታል አንጠልጥዬ ሄድኩ። ከጎኑ ትንሽዬ ካርድ መዘዘና ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ መስመሮቹን ተመለከተ። ፊቱ በራ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምርጥ ታካሚ ነዎት። በየሌሊቱ አድርገውታል። ትንፋሽዎ መቋረጡን ትቷል ማለት ይቻላል።»

«ታዲያ ለምን ይደክመኛል?»

«ቀንሷል ግን?»

«ቅንጣት አልቀነሰም።»

ደም አስቀዳኝ። የደም ማነስ የለብኝም፣ ስኳሬም ደህና ነው፣ ታይሮይዴም ጤነኛ ነው። መብራት ስለሚጠፋባቸው ሌሊቶች ጠየቀኝ። እነሱ ካርዱ ላይ ባዶ ሆነው ይታያሉ፤ ነገር ግን መብራት ሳይጠፋ በሰነበተባቸው ሳምንታትም እኔ ያው ነበርኩ። ጫት ትቅማለህ ወይ ለማለት ዙሪያውን ሲዞር አገዝኩት። ሞክሬ ነበር፤ ከሰዓት ያነቃኛል፣ ማታ ደግሞ ለማሽኑ የሚሰጥ እንቅልፍ ያሳጣኛል፤ ተውኩት። የሚያሳዝንዎት ነገር አለ ወይ ሲለኝ «ያለኝ ንዴት ነው» አልኩት። በመጨረሻ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ ለወጣት ሐኪም መናገሩ ከባድ የሆነውን ነገር ተናገረ።

«አንዳንድ ሰው ላይ ትንፋሹ ተስተካክሎም ድካሙ ይቀራል። ለምን እንደሆነ በደንብ አናውቅም። የሚሞከሩ መድኃኒቶች አሉ፣ ግን እዚህ አላገኛቸውም፤ እጠይቅልዎታለሁ። ብቻ ማሽኑን እንዳያቋርጡ፤ የሚጠብቀው ልብዎን ጭምር ነው።»

ስለ ሐቀኝነቱ ማመስገን ሲገባኝ ደሜ ፈላ። ማሽኑን ፌስታሉ ውስጥ ከትቼ ወጣሁና ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ መልሱ ስሕተት የሚመጣበት የሒሳብ ሥራ አይቼ አላውቅም፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ የተሳሳተ ምልክት ይገኛል። ይህኛው ግን ከላይ እስከ ታች ልክ ነው ተባልኩ።

ውሸቱ የመጣው በዚያው ሳምንት እሑድ ነው። የሚስቴ እህት እሑድ እሑድ ትደውላለች። እስከዚያ ድረስ «ተሻለህ?» ስትለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እያልኩ እንደ ማንኛውም ሰው አልፋት ነበር። ያን ቀን ግን አጥብቃ ያዘችኝ። «አይ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ጉምሩክ ላይ በከንቱ ነው እንዴ ያለቀስኩት?» አለች፤ እየሳቀች ነው፣ ግን ድምጿ ውስጥ ፍርሃት አለ። ልጅቷ ከሰው ቤት ከምትሠራው ሥራ ላይ አንጀቷን አስራ ነው ያመጣችው። ምን ልበላት? «እንደ አዲስ ሆኛለሁ!» አልኳት። «ጠዋት ስነሳ የሃያ ዓመት ልጅ ነኝ።» ስልኩ ውስጥ እልል አለች። ዘወር ስል ሚስቴ በሩ ላይ ቆማለች። እጇ በሳሙና እንደተለወሰ መጥታ ግንባሬን ሳመችኝ። «ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?» አለች። ዓይኔን በጨው ታጥቤ «አስገርምሽ ብዬ ነው» አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ውሸቱን መመገብ ነበረብኝ። ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ስትለኝ ከአልጋ እዘላለሁ። እራት ላይ እንቅልፍ ሲመጣብኝ ጭኔን ከጠረጴዛው ሥር እቆነጥጣለሁ። እሷ ፊት ከበፊቱ የባሰ መንቀሳቀስ ጀመርኩ፤ የላላ የበር ማጠፊያ አጠበቅኩ፣ ያልተቃጠለ አምፖል ቀየርኩ። «ተመስገን፣ ምን ዓይነት ጉልበት ነው!» እያለች ከኋላዬ ታየኛለች። ስትደሰት ማየት ደስ ይላል፤ ስትደሰት ማየት ያደክማል።

እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር ያህል እንደቆየሁ፣ አንድ ከሰዓት እግሬ መኪና ግርግር ላይ ጣለኝ። ልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን በረድፍ ዘርግተው የሚሰፉበት መንገድ ነው። አንድ አዛውንት ሰፊ አሉ፤ ሽርጣቸውን የታጠቁ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ፤ ከአባቴ ጀምሮ የእኛን ቤት ልብስ የሰፉ። ሲያዩኝ እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አነሱ።

«ቲቸር! ና እስቲ! አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ሽፋ ሰጠህ፣ ዳንክ አሉ!»

«ማን አለ?» አልኳቸው።

«ማን ይላል፣ ባለቤትህ ናታ!» ከመኪናቸው ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ዳር ዳሩን ገለጥ አደረጉልኝ። ቀይ ከፋይ ነው፤ በወርቃማ ክር መስቀል ተጠልፎበታል፤ ዙሪያውን ዘርፍ ወርዶለታል። የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው። «ስንት ዓመቴ የእናንተን ጥላ ስሰፋ! ወላሂ እንደ እሷ ያስቸገረችኝ የለችም። ይቺን ዘርፍ ሦስት ጊዜ አስፈታችኝ። ለማርያም ነው፣ ጎደሎ አይሆንም ትለኛለች።»

«ይሄ ለምንድነው?»

«ለአንተ ነዋ! ስለት ነው። ከበሽታህ ከዳንክላት ጥላ አስገባለሁ ብላ ተስላ ...» ፊቴን አዩና ቆም አሉ። «አቦ! አልነገረችህም እንዴ? እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አላየህም፣ አልሰማህም፣ እሺ?» ጨርቁን መልሰው ሸፈኑት።

እሺ ብዬ ሄድኩ። ለሚስቴ እህት በስልክ መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ ይቅር ትለኛለች። ይሄ ግን ስለት ነው። በእኛ ደብር የማርያም ንግሥ ዕለት፣ ታቦቱ ከመግባቱ በፊት፣ የስለቱ ዝርዝር በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ማን ከምን እንደዳነ ይነገራል፤ ሕዝቡ እልል ይላል። ሚስቴ በሕዝብ ፊት፣ በእመቤቴ ፊት፣ ቃሏን አክብራ ቆማ፣ ባሌ ዳነ ልትል ነው። እኔም ከጎኗ ቆሜ ድጋፍ ልሰጥ ነው፤ ጭኔን እየቆነጠጥኩ። በጣም ሃይማኖተኛ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን እሷን እንዲህ አድርጌ ማስዋሸት አልቻልኩም፤ መናገርም አልቻልኩም። ንግሡ ሊደርስ ዐሥር ቀን ቀርቶት ነበር።

በእነዚያ ዐሥር ቀናት የሄድኩት መንገድ ቢለካ ጅጅጋ ያደርሳል። ጠዋት እነግራታለሁ ብዬ እነሳለሁ፤ እያዜመች አገኛታለሁ፤ ማታ ይሻላል እላለሁ። ማታ ልጆቹ አሉ። አንድ ቀን ከመዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ጠብቄ ልነግራት ሄድኩ፤ ከሩቅ ሳቋን ሰማሁና ሌላ ሰው ፈልጌ የመጣሁ ይመስል በጎን አልፌ ሄድኩ። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ስሌት ረስቼ ለደቂቃ ቆምኩ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ «መምህር፣ አንድ አይበደርም?» ብላ አስታወሰችኝ። ተቆጣኋት። ምንም አላጠፋችም፤ በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ እሷም የባሰ ግራ ገባት።

ሐሙስ ዕለት ሕጌን ጣስኩ። ከትምህርት በኋላ ጉልበቴ ስላለቀ ሸዋ በር ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሁለት ፌርማታ ብቻ ነው፣ ዓይኔን አልጨፍንም አልኩ። ወንበሩ በመስኮቱ በኩል ነበር፤ ፀሐይዋ ታሞቃለች። ከጎኔ የተቀመጠች ባለ ዘንቢል ሴት ትከሻዬን ስትገፋኝ ነቃሁ። «አባባ፣ ተነሱ እንጂ፤ አወዳይ ደርሰናል» አለችኝ። ከተማዬን አልፌ ሌላ ከተማ ገብቻለሁ። ወርጄ መንገዱ ዳር ስቆም ስልኬ ጠራ፤ ሚስቴ ናት።

«የት ነህ?»

«ስብሰባ ላይ።»

አጠገቤ የጫት ነጋዴዎቹ በኦሮምኛ ዋጋ እየጠሩ ይጯጯኻሉ። እሷም ትሰማለች።

«ስብሰባው ላይ ጫት ይሸጣል እንዴ?»

«ከመስኮቱ ውጭ ነው» አልኳት። ስቃ ዘጋችው። አወዳይ መሃል ላይ ቆሜ በራሴ አፈርኩ። ያ መኪና ሕዝብ የጫነ ነው፣ እኔም ተሳፋሪ ነበርኩ፤ ሹፌሩ እኔ ብሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ይህን ውሸት እንዲህ ተሸክሜው የት ነው የማደርሰው?

ቅዳሜ፣ የንግሡ ዋዜማ፣ ልጆቹ ወጥተዋል። ሚስቴ ወደ መኝታ ቤት ጠራችኝ። ጥላውን አልጋው ላይ ዘርግታዋለች። ዘርፉ አልጋው ዳር ላይ ተንጠልጥሏል። ያላየሁት መምሰል አላስፈለገኝም፤ ተዘርግቶ ሲታይ በእርግጥም ያላየሁት ነበር። ከመቀነቷ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ።

«ነገ የሚነበበው ነው። አንተ መምህር አይደለህ፤ ስሕተት ካለበት አርመው።»

በደንብ በተጻፈ የእጅ ጽሑፏ እንዲህ ይላል፤ «ባለቤቴ ከነበረበት ከባድ የእንቅልፍ ሕመም ፈጽሞ ስለዳነልኝ፣ ለእመቤቴ ማርያም የተሳልኩትን ጥላ አስገብቻለሁ።» ቀይ እስክሪብቶዬ ኪሴ ውስጥ ነበር። አወጣሁት። ብዙ ወረቀት አርሜያለሁ፤ እንደዚያ ለማረም የከበደኝ የለም።

«ፈጽሞ የሚለው ይውጣ» አልኩ።

«ለምን?»

«ስላልዳንኩ።»

ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሐኪሙ ያለውን፣ ስልኩን፣ የቆነጠጥኩትን ጭኔን፣ አወዳይን። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ጥላውን እንዳትጫነው ሰብሰብ ብላ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። አንድ ጠዋት እንኳ ነቅቼ አላውቅም።»

«እህቴን ዋሸሃት። እኔን ዋሸኸኝ። እመቤቴን ደግሞ በእኔ አፍ ልትዋሽ ነበር።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ሞኟ ደግሞ አምፖል ሲቀይር እያየሁ ሳመሰግን!»

«ጥላውን እናቆየው» አልኳት። «ስለትሽ አልሰመረም። የዳንኩ ዕለት ይገባል፤ ካልዳንኩም እመቤቴ ታውቃለች።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣዋ ሌላ ዓይነት ሆነ።

«ስለቴ አልሰመረም? አንተ ምን እንደተሳልኩ መቼ ጠየቅከኝ?»

«ከእንቅልፍ ሕመሙ እንድድን አይደለም እንዴ?»

«ነቅተህ እንድትሮጥልኝ ነው የተሳልኩት? ለድካም ጥላ ይሳላል? የማይደክመው ማን አለ!» ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችው። «ትንፋሽህ ቀጥ ይል ነበር። ገባህ? ሰው ሁሉ በማንኮራፋትህ ይስቃል፤ እኔን ማንኮራፋትህ ደስ ይለኝ ነበር። ስታንኮራፋ አለህ። የሚያስፈራኝ ዝም ስትል ነው። ዝም ትላለህ። ደረትህ አይነሳም። አባታችን ሆይ ብዬ እጀምራለሁ፤ ከግማሽ በላይ እደርሳለሁ፤ አሁንም የለህም። በክርኔ ስደቃህ እንደ ሰጠመ ሰው ብቅ ትላለህ፤ ትገለበጥና ትተኛለህ። ከዚያ እንደገና። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ነው ያደርኩት። ሞቶ አገኘዋለሁ እያልኩ።»

ትንፋሼ እንደሚቋረጥ አውቅ ነበር፤ ሐኪም ነግሮኛል፣ ወረቀት ላይ አይቼዋለሁ። ከጎኔ ሆኖ የሚሰማው ሰው እንዳለ ግን አስቤ አላውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አዲስ አበባ ሐኪሙ ለብቻዬ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። ለአንተ ምን ብዬ ልንገርህ? ብነግርህ መተኛት ትፈራለህ። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ ይተኛ ብዬ ነው።»

ለረጅም ጊዜ እኔ ያልተኛሁ ሰው መስሎኝ ነበር የኖርኩት።

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። «አሁን የተሳልኩትን አግኝቻለሁ። ሌሊት ስነቃ ማሽኑ ሽው ይላል፣ አንተም ትተነፍሳለህ፤ ተመልሼ እተኛለሁ። ጥላው ነገ ይገባል። አንተ ግን ቃሉን አስተካክለው፤ ውሸት እንዳይሆን።»

ከጎኗ ሆኜ «ፈጽሞ ስለዳነልኝ» የሚለውን ሰረዝኩ። ምን ብዬ እንደምተካው ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ከላዩ ላይ «ሌሊቱን ሙሉ ስለሚተነፍስልኝ» ብዬ ጻፍኩ። አየችው፣ አጠፈችው፣ መቀነቷ ውስጥ መለሰችው። እህቷን ግን እኔው ራሴ ደውዬ እንድነግራት አስማለችኝ። የዚያኑ ዕለት ደወልኩ። መጀመሪያ ሰደበችኝ፤ ቀጥሎ «ለማንኛውም አታውልቀው» አለችኝ።

በማግስቱ ዲያቆኑ ዝርዝሩን በድምፅ ማጉያው ሲያነብ የእኛ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ድጋሚ አየውና እንደተጻፈው አነበበው። ሕዝቡ ለአፍታ ያቅማማ መሰለኝ፤ ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ከፊቴ የቆሙ እናት ዘወር ብለው «ልጄ፣ አስም ነው?» አሉኝ። «እንደዚያ ያለ ነገር ነው» አልኳቸው። «እመቤቴ ትጨርስልህ» አሉኝ፤ አሜን አልኩ፤ ከልቤ ነው። ፀሐዩ በርትቶ ነበር፤ ዓይኔ ውስጥ ያ አሸዋ ነበር፤ እግሬን እያፈራረቅኩ ቆምኩ። ሚስቴ የማፈራረቁን ምክንያት አሁን ታውቃለች።

ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሲበተን በእግር ወደ ቤት አዘገምን። ልጆቹ ቀድመውናል። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ፣ ጫማዋን እየጎተተች፣ ቀስ ብላ ትሄዳለች። ቀስ ብላ ስትሄድ አይቻት አላውቅም፤ ወይም ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም። እና ጠየቅኳት።

«አንቺስ፣ ያን ሁሉ ዓመት አይደክምሽም ነበር?»

ከሁሉ ሰው ይህንን ጥያቄ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሐኪም እንዲጠይቀኝ፣ ርእሰ መምህሩ እንዲጠይቀኝ፣ መንገድ ላይ ያገኘሁት ሁሉ ፊቴን አይቶ እንዲጠይቀኝ እፈልጋለሁ። ሌሊት እኔን ስትጠብቅ አድራ ጠዋት ሠላሳ ሕፃናት ፊት የምትቆመውን ሴት፣ ማታ ማታ «ዛሬስ ሞቻለሁ» እያልኩ ስነጫነጭባት እራት የምታቀርብልኝን ሴት፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም።

መንገዱ መሃል ቆመች። ከኋላችን የሚመጡት ሰዎች በግራና በቀኝ አለፉን። ጥያቄውን ያልሰማች መስሎኝ ልደግመው ስል አፏን ከፈተች።

«ደክሞኝ ነበር» አለች። «እንዴት ደክሞኝ እንደነበር።»

ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና፣ እዚያው በጠራራ ፀሐይ ሰው እያየን፣ አለቀሰች። እስኪወጣላት ድረስ ከጎኗ ቆሜ ጠበቅኳት።